ባዶው ምስማር

ልብስ ሰፊዋ የተወለደችበትን ሠፈር ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ከአራት ወር በፊት፣ እናቷን ልትቀብር በመጣች ጊዜ ነበር። ያኔም አላደረችም። ቀብሩ እንዳለቀ ጫማዋ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ እዚያው አጠገብ ካለች ስም የለሽ ድንጋይ ላይ ጠረገች፣ ለቀባሪው አንገቷን ሰበር አደረገችና አውቶቡሷን ይዛ ሄደች። ሠፈርተኛው አማት። ይማት። በሕይወት ሳለች ሁለት ቃል በቅጡ ያልተለዋወጠቻትን እናት፣ ከሞተች በኋላ ለሰው ዓይን ብላ ደረት ልትመታላት አልፈለገችም። ይልቅ የገረማት የመቃብሩ ቦታ ነው። እናትየው ከመሞቷ በፊት "ከግንቡ ሥር፣ ከዚያች ስም ከሌላት ድንጋይ ጎን ቅበሩኝ" ብላ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ኖሯል። ግንቡ ሥር ውሃ ይተኛበታል፣ ፀሐይ አይደርስበትም። ስትኖርም ስትሞትም እልኸኛ ናት ብላ ልጅት በሆዷ አጉረመረመች።

አሁን ደግሞ ያመጣት ወረቀት ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ የሠራተኞቹ መስመር ቤቶችም በሳምንቱ መጨረሻ ይፈርሳሉና ዕቃ ያለው ዕቃውን ያንሳ ይላል ወረቀቱ። ምን ዕቃ አለና? አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን። ጎረቤት ጋ ደውላ "ውሰዱት" ብትል ይበቃ ነበር። ግን ራሷን አትዋሽም፤ የመጣችው ለዕቃ አይደለም። ቤቶቹ ከፈረሱ ሰዉ ይበተናል፣ ሰዉ ከተበተነ የሚጠየቅ አይኖርም። አባቷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ጥሏቸው ጠፍቷል። ለምን ጥሎን ሄደ የምትል አንዲት ጥያቄ አርባ ዓመት ሙሉ ውስጥ ውስጧን ስትበላት ኖራለች። መልሱንማ ታውቀዋለች፤ እናቷ ናት ያባረረችው። የቀራት ማስረጃው ብቻ ነው።

ሠፈሩ ድሮም ዓይን የሚገባ አልነበረም። ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ስድስት መስመር ቤቶች፣ ለአንድ መስመር አንድ ቧንቧ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፈትል ፋብሪካው ጭስ ማውጫ። የጥጥ ብናኝ ደጃፉ ላይ እንደ ዱቄት ይነሰነስ ነበር፤ ሰው ሲያስል በሳሉ ብቻ ማን እንደሆነ ይታወቃል። እናቷ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ክር ቀጣይ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ማሽን እየሮጠች የተበጠሰ ክር ትቀጥላለች። አባቷ ደግሞ ቦይለር ያጸዳል።

ቦይለር ማለት ውሃ እያፈላ እንፋሎቱን ለማሽኑ የሚያድል፣ ቤት የሚያህል የብረት በርሜል ነው። እሁድ እሁድ ማሽኑ ይቆማል፣ እሳቱ ይጠፋል። ሲበርድ አባቷ ደረቱን በማታክል በር ሾልኮ የበርሜሉ ሆድ ውስጥ ይገባና ጥላሸቱን ይፍቃል። ከመግባቱ በፊት ግን ቁጥሩ የተቀረጸባትን ክብ ቆርቆሮ ከበሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅላል፤ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ያወርዳታል። እሳት ለኳሹ ምስማሩ ላይ ቆርቆሮ ካየ ክብሪት አይጭርም። ምስማሩ ባዶ ከሆነ በሩን ይዘጋል፣ ይለኩሳል። በዚያ ቤት ከዚህ በላይ የሚታመን ነገር አልነበረም።

ምሳ የምታደርስለት እሷ ነበረች። አባቷ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል፣ ጡብ ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል። በልቶ እስኪጨርስ ቆርቆሮዋን ከምስማሩ አውርዶ አንገቷ ላይ ያጠልቅላታል። "በይ እንግዲህ፣ እስክጨርስ አርባ አንድ ቁጥር አንቺ ነሽ፤ ሥራ እንዳትለግሚ" ይላታል። ክሩ ስለሚረዝምባት ሁለቴ አዙራ ወደ ውስጥ የምታስገባውን የራሷን ቋጠሮ ፈጥራ ታሳጥረዋለች። አባቷ ሲመለስ አንድ እጁ ፋኖስ፣ አንድ እጁ መፋቂያ ይይዛልና "ስቀይልኝ፣ ሚጢ" ይላታል፤ እሷም ጡብ ላይ ተንጠራርታ ትሰቅላለች። ያቺን ቋጠሮ ዛሬም አልተወቻትም፤ ቁልፍ ስትተክል የምትቋጥረው እንዲያ ነው። ስፌት ቤቷ ያሉት ሴቶች "ይቺ ቋጠሮ ከእሷ ጋር ነው የምትቀበር" እያሉ ይስቁባታል። ከአባቷ የተረፋት ትዝታ ይኸው ነው፤ ሲከፋት አውጥታ ትልሰዋለች፣ መልሳ ትጠቀልለዋለች።

ከዚያ አንድ እሁድ አባቷ አልመጣም። እናቷ በማግስቱ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ሰልሎ "አባትሽ ሄዷል። አትጠብቂው" አለቻት። በቃ። የት ሄደ፣ ከማን ጋር፣ መቼ ይመለሳል፣ ምንም የለም። ጎረቤቶች ልጅት ስትመጣ ወሬያቸውን ይውጣሉ። እናቷ አንድም ቀን ባሏን ሰድባው አታውቅም፣ አንድም ቀን በልጇ ፊት አልቅሳለት አታውቅም። ልጅ ደግሞ ዝም ሲሏት ዝም አትልም፤ በራሷ ሆድ ትጽፋለች። የጻፈችውም አባቷ ደግ፣ እናቷ ደረቅ፣ ደጉ ከደረቋ ሸሸ የሚል ነበር።

መመታትም ካነሳን፣ እናቷ የመታቻት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አባቷ በሄደ ሰሞን ይመስላታል። ምክንያቱ ጠፍቶባታል። የምታስታውሰው ቧንቧው ጋ አንዲት የመስመር ልጅ ቀይ የኮት ቁልፍ እንደሰጠቻት፣ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ቁልፍ እንደሆነች፣ እናቷም ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ነጥቃ እንደወሰደችባትና በጥፊ እንዳጮለቻት ነው። ማታ ደግሞ እቅፍ አድርጋ ትከሻዋ እስኪርስ አለቀሰችባት። ስለ አንዲት ቁልፍ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ለሠራተኞቿ እያወራች ብዙ ጊዜ ስቃለች፤ እናቴ መጀመሪያም ጤነኛ አልነበረችም ትላለች።

ነገሩ የተበጠሰው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ነው። እናቷ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ንጹሕ ነጠላ ነገር ጣል አድርጋ ትወጣለች፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች። የት እንደምትሄድ አትናገርም። ልጅት አንድ እሁድ በሩ ላይ ጠበቀቻትና "እሁድ እሁድ የምትኳኳዪው ለማን ነው? አባቴንስ ያባረርሽው ለዚሁ ነው?" አለቻት፤ ሠፈሩ እየሰማ። እናትየው ነጠላዋን አወረደች፣ አጣጠፈች፣ ሳጥን ውስጥ ከተተች። "እራት በልቺ" ብቻ አለች። ልጅት በወሩ ስፌት ልትማር ሌላ ከተማ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እሱም ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትመጣው።

እንግዲህ በዚህ ሆዷ ነው ሰኞ ጠዋት የመጣችው። ቧንቧው ጋ እትዬ ጋዜጣ ባልዲ እየሞላች አገኘቻት። ይህችን ሴት ጋዜጣ ያሏት በከንቱ አይደለም፤ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር፣ የማን ባል በየትኛው መስመር፣ ጠዋት የሆነውን ለምሳ ታደርሰዋለች።

"መጣሽ የኔ እናት? ከሳሽ እኮ። ባልሽ አይመግብሽም?"

"ደህና ነኝ፣ እትዬ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር።"

"ጠይቂኝ፤ መቼ ሲጠይቁኝ ደክሞኝ ያውቃል።"

"አባቴ ለምንድን ነው የሄደው?"

የሴትየዋ አፍ ክፍት እንዳለ ቀረ። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፤ እግሯን አረጠባት፤ አልዘጋችውም። "እኔ ምን አውቃለሁ" አለች በመጨረሻ። ያን ቃል ከእትዬ ጋዜጣ አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። "ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ? ሻይ ልጣድልሽ።" ባልዲዋን አንጠልጥላ፣ ግማሹን መንገድ ላይ እያፈሰሰች ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ የፈሰሰውን ውሃ ተሻግራ ወደ እናቷ ክፍል አመራች። ሁሉም የሚያውቀው፣ እሷ ብቻ የማታውቀው ነገር እንዳለ ድሮም ትጠረጥር ነበር፤ አሁን በዓይኗ አየችው። ክፍሉን ከፍታ ሳጥኑን ገለበጠች። ከነጠላው ሥር የአባቷ የሥራ ደብተር ወጣ። ፎቶው ደብዝዟል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል፣ አርባ አንድ። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ፋብሪካው ሄደች።

ከፋብሪካው የቀረ ነገር ቢኖር መዝገብ ቤቱ ነው። እሱም ፋይሉ ተጭኖ እስኪሄድ ነው እንጂ ቀኑ ደርሷል። መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሠራተኛ ከካርቶን ክምር መሐል ብቅ አለ።

"ከአይጥ በስተቀር እዚህ ፋይል የሚያገላብጥ ካየሁ ሰንብቻለሁ" አለ። "ምን ነበር?"

ደብተሩን ሰጠችው። ሰውየው ሥራ ሲያገኝ ደስ የሚለው ዓይነት ነው፤ ሦስት ካርቶን አወረደ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ አንድ ቀጭን ፋይል አወጣ። ውስጡ አንዲት ገጽ ናት። "አርባ አንድ ቁጥር፣ ቦይለር ጽዳት። ሥራ ጥሎ የጠፋ። የተሰጠው ቆርቆሮ፣ አልተመለሰም። ካቦው ፈርሟል። ምስክር..." መነጽሩን ከፍ አደረገ። "ምስክሩ እሳት ለኳሹ ነው።"

"ጋሽ ፍሙ።"

"ስሙን አላውቅ። ጣቱን ነው ያተመው።"

ቀኑን አየችው፤ እሁድ ነው። እሁድ ሥራ ገብቶ እሁድ ጠፋ። "ስንት ሰዓት እንደወጣ ይታወቃል?" አለችው። እሱም የበሩን መዝገብ ፍለጋ ሌላ ካርቶን ውስጥ ገባ። የዚያን እሁድ የገቡ አምስት ሰዎች ናቸው። ሁሉም ጠዋት አንድ ሰዓት ገብተዋል፤ አራቱ ከሰዓት በኋላ ወጥተዋል። ከአርባ አንድ ቁጥር ፊት ለፊት የመውጫው ሣጥን ባዶ ነው።

"ዘበኛው ረስቶ ይሆናል" አለ ሠራተኛው።

"የአራቱን ጽፎ የአንዱን ረሳ?"

ሰውየው መዝገቡን ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ መልሶ አየው፣ ከዚያ እሷን አያት። "እመቤቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በዚህ ወረቀት መሠረት ይህ ሰው ከግቢው አልወጣም።"

ልብስ ሰፊዋ በሐሳቧ አርባ ዓመት ሙሉ አባቷን በአውቶቡስ ስታሳፍረው፣ በሌላ ከተማ ሌላ ሚስት ስትድርለት፣ ሌሎች ልጆች ስታስወልደው ኖራለች። አንዳንዴ በሰው መሐል ረጅም ሽማግሌ ስታይ ልቧ ድንግጥ ይላል። ለካስ ሰውየው የትም አልሄደም።

ጋሽ ፍሙ የሚኖረው አራተኛው መስመር ጫፍ ላይ ነው። ስሙን ያወጡለት ዓይኑ ከእሳት ብዛት ቀልቶ ስለኖረ ነው፤ አሁን ያ ቀይ ዓይን ብርሃኑ ከድቶታል፤ ከጥላ በቀር አያይም። በሩ ላይ ዱካ አስቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ልጅ ሳለች እሷን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። ይጠላኛል ትል ነበር።

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ፍሙ።"

ሽማግሌው ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ድምፅዋን አርባ ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ቶሎ አወቃት። "ሚጢ" አለ። "ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም። አባቴ ከቦይለሩ ውስጥ አልወጣም። እርስዎ ጠፋ ብለው ፈርመዋል። የት ነው ያለው?"

ከጎን ያለ ቤት ሬዲዮ ያወራል፤ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። "እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ" አለ ሽማግሌው። "ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቦይለሩ መጣሁ። ምስማሩ ባዶ ነው። በሩን ዘጋሁ፣ ለኮስኩ። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ምንም አልሰማሁም። ሦስት ጊዜ መጣራት ነበረብኝ፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ማንም አይጣራም ነበር፤ ምስማሩን ነበር የምናምነው።"

"ቆርቆሮውን ማን አወረደው?"

ሽማግሌው ዱካውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ሳበ።

"ማን አወረደው ነው የምልዎት። አባቴ ሳይሰቅል አይገባም። ስቀይልኝ ብሎኝ እንኳ ዞር ብሎ ያያት ነበር። ማን ነው ያወረደው?"

"እኔ" አለ ሽማግሌው። "እኔ ነኝ። ወጥቷል ብዬ፣ ረስቷት ነው ብዬ፣ ቶሎ ለኩሼ ቤቴ ልግባ ብዬ አወረድኳት። ከዚያ ደንግጬ እሳቱ ውስጥ ወረወርኳት።"

"እናቴስ ታውቅ ነበር?"

"ታውቃለች።"

"ለምን ዝም አለች ታዲያ?"

"እሱን እኔ አልመልስልሽም።"

መመለስም አላስፈለገውም፤ እሷ ራሷ መለሰችው። አደጋ ነው ከተባለ ፋብሪካው ይጠየቃል፤ ፋብሪካው ከተጠየቀ ካቦው ይቀየማል፤ ካቦው ከተቀየመ ክር ቀጣይዋ ከሥራዋም ከክፍሏም ትባረራለች። ስለዚህ ባሏን ከነነፍሱ ጠፋ አሰኝታ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለወጠችው። ልጅቱንም አባትሽ ጥሎሽ ሄደ እያለች አሳደገቻት። ግን ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ ልብስ ሰፊዋን ልቧ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ደስ አላት። አርባ ዓመት በግምት ስትጠላ የኖረች ሰው፣ በማስረጃ መጥላት ስትጀምር ዕረፍት አለው።

"አባቴን ገደሉ፣ በሐሰት ፈረሙ፣ አርባ ዓመት ፀሐይ እየሞቁ ኖሩ" አለችው። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ልብስ የምታሰጣው ሴት እጇን አቆመች። "ፈጣሪ የእጅዎን ይስጥዎት። የጨለመው ዓይንዎ አይበቃዎትም።"

"አሜን" አለ ጋሽ ፍሙ፣ ዝግ ብሎ።

ወደ እናቷ ክፍል የተመለሰችው ሁሉንም ነገር ለቆሻሻ ልታወጣ ነው። ጥርሷን ነክሳ ነጠላውን ጠቅልላ ጣለች፣ ድስቱን ጣለች፣ ብርድ ልብሱን ገፈፈች። ትራሱን ስታነሳ እጇ ቆመ። ልብስ ሰፊ ናትና ስፌት ከእጇ አያመልጥም። የትራሱ አንደኛው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ተተርትሮ ተመልሶ ተሰፍቷል፤ ሰማያዊ ክር አለ፣ ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ። ትራስ ሲታጠብ ልባሱ ይወልቃል እንጂ ሆዱ አይቀደድም። ይሄ በእያንዳንዱ እጥበት የሆነ ነገር እየወጣበት፣ የሆነ ነገር እየተመለሰበት ነው የኖረው።

መቀሷን አወጣች። ሦስት ጥልፍ በጠሰች፣ ጣቷን ሰደደች፣ ከጥጡ መሐል ቀዝቃዛ ነገር ነካች።

ክብ ቆርቆሮ ናት። አርባ አንድ ይላል። እሳት አልነካትም፤ ክሯ እንኳ አልተለበለበም። ሽማግሌው እሳት ውስጥ ወረወርኳት ያላት ቆርቆሮ እንዲህ ንጹሕ ሆና እናቷ ራስጌ ምን ትሠራለች? ክሩን በጣቷ ተከተለችው። መሐል ላይ፣ ሁለቴ ዞራ ወደ ውስጥ በገባች ቋጠሮ፣ አንዲት ቀይ የኮት ቁልፍ ታስራለች።

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ቁልፏን የሰጠቻት ልጅ ቧንቧው ጋ ነበር የቆመችው። በነጻ አልሰጠቻትም፤ "ያቺን የሚያበራ ነገርሽን አንድ ጊዜ ላጥልቃት፣ ቁልፌን እሰጥሻለሁ" ብላ ነው። የሚያበራ ነገር። አንገቷ ላይ ነበረቻ። ያን ቀን አባቷ በልቶ ጨረሰ፣ ፋኖሱን አነሳ፣ መፋቂያውን አነሳ፣ አጎንብሶ ገባ። "ስቀይልኝ፣ ሚጢ" የሚለው ድምፁ ከብረቱ ሆድ ውስጥ አስተጋብቶ ነው የመጣላት። ጡቡን አስጠጋች። ክሩን ከአንገቷ ልታወጣ ጀመረች። ከዚያ ለልጆቹ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ላሳያቸውና እመለሳለሁ ብላ ወደ ቧንቧው ሮጠች። ጨዋታው ደመቀ። ቁልፏን ክሩ ላይ አሰረቻት። ሁሉም ልጆች ተራ በተራ አጠለቋት። ጭስ ማውጫው ሲያጨስ ሁሉም ቀና ብለው አይተውታል፤ እሷም አይታዋለች።

እናቷ በጥፊ ያጮለቻት ያኔውኑ፣ ጭሱን አይታ እየሮጠች በመጣች ጊዜ ነው። ከእጇ አይደለም የነጠቀቻት፤ ከአንገቷ ነው።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጠች አታውቅም። ተነስታ ስትወጣ እትዬ ጋዜጣ የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ሴትየዋ እጇ ውስጥ ያለችውን ቆርቆሮ አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች፣ ምንም ሳትል መንገድ ለቀቀችላት። አርባ ዓመት አንድ ወሬ ብቻ አላወራችም፤ እሱም ይሄ ነው።

ጋሽ ፍሙ ከዱካው አልተነሳም። ልብስ ሰፊዋ ፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠችና ቆርቆሮዋን መዳፉ ውስጥ አደረገችለት። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ ቁጥሩን ዳበሰ። ወደ ክሩ አለፈ። ቁልፏ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ትራሷ ውስጥ ነበር።"

"ወይ እቺ ሴትዮ" አለ ሽማግሌው። "ጣያት ብዬ ስንቴ ለመንኳት። ከእሱ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት ትለኛለች።" አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ይቺን ይዛ ነው እየሮጠች የመጣችው። በእጇ ሳያት ሁሉም ገባኝ። ባሏ ውስጥ ነው፣ በሩን ከፍተን ጭሱ አላስገባ ብሎናል፤ የመጀመሪያ ቃሏ ምን መሰለሽ? 'ልጄ እንዳትሰማ።' ሁለተኛ ቃልም አልነበራት። አደጋ ነው ብንል መርማሪ ይመጣል፤ ቆርቆሮው የት ሄደ ይላል፤ ሠፈሩ ሁሉ አንገትሽ ላይ አይቶታል። አባቷን ያቃጠለች እየተባልሽ ልታድጊ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልተጣራሁም አልኳት። አልሰማችኝም። ሄደ በሉ፣ እኔን ይጥሉኝ፣ ይሙኝ፣ እሷ እኔን ትጥላ አለች። በየቤቱ እየዞረች አንድ በአንድ አስማለችን።"

"ጠላኋት" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ታውቅ ነበር።"

"እሁድ እሁድ ለማን ነው የምትኳኳዪው አልኳት። ሰው እየሰማ።"

ሽማግሌው ቆርቆሮዋን መልሶ እጇ ውስጥ አስቀመጠና ጣቶቿን አጠፈባት።

ልብስ ሰፊዋ እንባ አልመጣላትም። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ይቅርታ የሚጠየቁት ሁለቱ ግን የሉም፤ ሦስተኛው ደግሞ ቅድም እርግማኗን አሜን ብሎ ተቀብሏታል። የቀራት አንድ ጥያቄ ነው።

"የት ቀበራችሁት?"

"ስም ልንጽፍበት አልቻልንም፤ በወረቀት ጠፍቷል የተባለ ሰው መቃብር የለውም" አለ ጋሽ ፍሙ። "ከግንቡ ሥር ነው። እናትሽን ስትቀብሪ ከጎኗ ያለችውን ድንጋይ አላየሻትም?"

ልብስ ሰፊዋ አጎንብሳ እግሯን አየች። ያን ዕለት ጭቃውን የጠረገችው ከዚሁ ጫማ ላይ ነበር።